ያለ ወላጅ ለሚመጣ የቆሎ ተማሪ ማን ይፈርምለት?

አዘዞ_ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ከጋይንትም ከጎጃምም ለትምህርት የመጡ የ12፣ የ13 ዓመት የቆሎ ተማሪዎች እከክ ወይም ቁስል ይዘው ብቻቸውን ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ካርድ ክፍል «ወላጅ ይዘህ ና» ብሎ ሲመልሳቸው በሕግ ያስኬዳል? የኔታስ መፈረም ይችላሉ?

ሕግና_ደንብ፦
አያስኬድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) ላይ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ሲል ፍርድ ቤትን ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር አካልንም ነው የሚያዘው። ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቀው ለሕክምናው እንጂ ለካርዱ አይደለም።

የኔታን በተመለከተ፦ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ ሞግዚቱም ወላጁ ነው። የኔታ ስላስተማሩትና ስላሳደሩት ብቻ ሞግዚት አይሆኑም። የሕመሙን ታሪክ ይነግሯችኋል፣ ያስታምሙታል፤ ለቀዶ ሕክምና ግን ፊርማቸው የወላጅን አይተካም። ለወላጅ ደውሉ፤ ፈቃዱን ሲሰጥ ሁለት ባለሙያ ይስማ፤ ሰዓቱና ስልክ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይስፈር። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ፊርማ ሳትጠብቁ አክሙ፤ ያልጠበቃችሁበትን ምክንያት ግን ጻፉ።

ቆዳ_ክፍል፦
የሕጉ ጥያቄ ከተፈታ በኋላ የእከኩን ሕክምና የሚያበላሸው ልጁን ብቻ አክሞ መላክ ነው። ጎጆው ውስጥ የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከሙ በሳምንቱ ይመለሳል። ፐርሜትሪን 5% የተባለው የእከክ ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ በጣቶች መካከልና በብልት አካባቢ ሳይቀር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የሚዋጠው ክኒን አይቨርሜክቲን ከተሰጠ በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም ነው፦ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ባለ 3 ሚሊ ግራሙ 2 ፍሬ። ከ15 ኪሎ በታች ላለ አይሰጥም።

ደበሎው አይቀቀልም። በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጎ አስሮ ሳምንት ማቆየት ይበቃል፤ ግን እስከዚያ የሚለብሰው ፈልጉለት፣ አለዚያ ማታውኑ ፈቶ ይለብሰዋል። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል እንደሚችል ቀድማችሁ ንገሩት።

አዘዞ_ነርስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ክፍያውስ? ኤች አይ ቪ ምርመራስ?

ሕግና_ደንብ፦
ጤና መድን አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ደብተሩ ጋይንት ከቀረ እዚህ አይሠራለትም። ከቀበሌው ወይም ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የመክፈል አቅም እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቅለት፤ ሕክምናው ግን ደብዳቤውን አይጠብቅም። ክትባት፣ ቲቢና ኤች አይ ቪ ለማንም ነፃ ናቸው።

በብሔራዊ መመሪያው 15 ዓመት የሞላው ለኤች አይ ቪ ምርመራ ራሱ ይፈቅዳል። ከ13 እስከ 15 ያለና ጎዳና የሚኖር ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ልጅም እንደ በሰለ ታዳጊ ተቆጥሮ ራሱ ይፈቅዳል። የቆሎ ተማሪ መሆኑ ብቻውን ግን እዚህ ውስጥ አያስገባውም። ውጤቱ ለየኔታ አይነገርም፤ የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል።

ቆዳ_ክፍል፦
አንድ ልጨምር። ጀርባውን ስታዩ የአለንጋ ሰንበር ካገኛችሁ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር፣ ቀለሙንና ቦታውን ጻፉ። «የድብደባ ምልክት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ካርድ ፖሊስ ዘንድ ሲደርስ ምንም አያስረዳም።