በመብራት የሚሠራ ብረት ማቅለጫ ጭስ የለውም?

የባሕር ዳሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን አጠገብ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ ፌሮ የሚያወጣ ፋብሪካ ሊተከል ነው እየተባለ ነው። አንዱን ኃላፊ ብጠይቀው "በመብራት ነው የሚሠራው፣ መብራታችን ደግሞ ከውኃ ነው፣ አታስቢ" አለኝ። እውነት ነው? የሰፈራችን ጎርፍ እኮ ቀጥታ ጣና ነው የሚገባው።

አቅላጭ፦ እህቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። በድንጋይ ከሰል ከማዕድን የሚመረት ብረት በቶን 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ መብራቱ ከጣና በለስና ከመሰሎቹ ከመጣ ይሄ የለም። ጭሱ ግን የሚመጣው ምድጃው ውስጥ ከሚገባው ነገር ነው፦ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ቀለም የተቀባ ላሜራ፣ ዘይት የጠጣ የሞተር ዕቃ። ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ግን 907 ላይ ስለሚፈላ፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ነጭ ጭስ ቡልቅ ይላል።

በያጁ፦ ልክ ነው። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ በዝግ ቤት የበየድኩ ቀን ማታ ያንዘፈዝፈኛል፣ ትኩሳትም አለው። ወተት ጠጣ ይሉኛል፣ ምንም አያደርግም። ጭሱን ከምንጩ መሳብ ነው እንጂ።

የባሕር ዳሯ፦ እሺ፣ ስብሰባ ሲጠሩን ምን ብለን እንጠይቅ?

አቅላጭ፦ ምድጃው አፍ ላይ ጭስ መሳቢያ አለ ወይ፣ ጭሱስ ቀዝቅዞ ነው ወይ ጨርቅ ማጣሪያው ውስጥ የሚገባው በሉ። ፖሊስተር ጨርቅ ከ130 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ይቃጠላል። ዋናው ግን ጭሱን ስቦ ወደ ማጣሪያው የሚያስገባው ማራገቢያ ነው። ብዙ መብራት ስለሚበላ እኔ የሠራሁበት ቦታ በሌሊት ፈረቃ ያጠፉት ነበር፣ ጠዋት የመኪናው መስታወት ላይ ግራጫ ብናኝ በጣት ይጻፍበታል። ስለዚህ ለማራገቢያው ለብቻው ቆጣሪ ይግባለት፣ ንባቡንም ነዋሪው ይይ በሉ። ምድጃው እየሠራ ማራገቢያው ካልቆጠረ ወዲያው ይታወቃል። ፌሮ ከመዳመጡ በፊት ብረቱን ወደ 1,200 ዲግሪ የሚያሞቀው ሌላ ምድጃም አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። "በመብራት ነው" ሲሏችሁ ስለሱም ጠይቁ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ የተጣራው ብናኝስ የት ይቀመጣል? እርሳስና ካድሚየም አለበት። ሜዳ ላይ ከተከመረ በሐምሌ ዝናብ ሐይቁ ውስጥ ነው፣ ዓሣውም እኛም አለንበት። ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ መጋዘን ካልሠሩ እኔ በበኩሌ አልፈርምም።

አቅላጭ፦ ትክክል ነህ ወንድሜ። ቁርጥራጩም ከመግባቱ በፊት ይለቀም፣ ቆርቆሮውና ባትሪው ለብቻ። አፈርና ዝገት አብሮ ሲገባ እሱን ለማቅለጥም መብራት ይከፈላል፣ ስለዚህ ለቀማው ለባለቤቱም ኪሱ ነው።