ሳያስበው የተከለከለ የአየር ክልል የገባ የግል አብራሪ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይገባል?

ከፒያሳ (መነሻ ሐሳብ)፦ ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ የቆየ ቢሆንም ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። ግንቦት 3 ቀን 1997 ዓ.ም. ሴስና 150 የተባለች ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ከፔንስልቬኒያ ተነሥታ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ስትበር፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ወዳለው የተገደበ የአየር ክልል ያለ ፈቃድ ገባች። ወደ ዋይት ሐውስ እጅግ በመቃረቧ በዚያና በምክር ቤቱ ሕንጻ የነበሩ ሰዎች በሩጫ እንዲወጡ ተደረገ፤ ተዋጊ ጄቶች የማስጠንቀቂያ ብርሃን ለቀቁባት፤ በመጨረሻም ታጅባ ሜሪላንድ ውስጥ አረፈች። እኛ በዚያ ሳምንት ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በቀር ሌላ ወሬ የምንሰማበት ጆሮ ስላልነበረን ብዙዎቻችን ነገሩን አናስታውሰውም። በአብራሪዎቹ ላይ ክፉ ሐሳብ አልተገኘባቸውም። ሆኖም የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር የዋናውን አብራሪ ፈቃድ ሲሰርዝ፣ አብሮት የነበረውን ተማሪ ሳይቀጣ አለፈው።

በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ድንበር መታለፉ አይደለም። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የአየር ጠባዩን ዘገባም ሆነ ኖታም የሚባለውን የአብራሪዎች ማስታወቂያ አልተመለከተም። ጥፋቱ የተፈጸመው ገና መሬት ላይ ሳለ ነው፤ ሊመዘንም የሚገባው በዚያው ነው።

ከአራት ኪሎ፦ የእርስዎ ሚዛን ለዳኛ ይመች ይሆናል፤ መሬት ላይ ሆኖ ለሚጠብቀው ወታደር ግን አይጠቅመውም። እኔ የምኖረው ከቤተ መንግሥቱ አጥር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው፤ ያልታወቀች አውሮፕላን ዝቅ ብላ ብትመጣ ጠባቂው አብራሪዋ ኖታም አንብቧል ወይስ አላነበበም ብሎ የሚመረምርበት ጊዜ የለውም። ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ሶማሊያ በርዳሌ ላይ የሕክምና ቁሳቁስ የጫነች የኬንያ አውሮፕላን በእኛው ወታደሮች ተመትታ 6 ሰዎች ሞተዋል፤ የተሰጠውም ማብራሪያ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት መስላ ታየች የሚል ነበር። ስሕተት ይህን ያህል ዋጋ በሚያስከፍልበት ቦታ ቅጣቱ ሌላውን የሚያስፈራ ካልሆነ ትርጉም የለውም። መንግሥት በመስከረም 2013 ዓ.ም. በሕዳሴው ግድብ ላይ ማናቸውንም በረራ ሲከለክልም ክልከላው ጥርስ እንዲኖረው አስቦ ነው።

ከሜክሲኮ፦ በርዳሌን ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚመሰክረው ለተቃራኒው ወገን ይመስለኛል። በዚያ የጎደለው የአብራሪ ቅጣት አልነበረም፤ የበረራው መረጃ መሬት ላይ ለነበረው ወታደር አለመድረሱ ነው። አብራሪውን አሥር ጊዜ ብናስፈራራው ያ ክፍተት አይደፈንም። የዓለም አቀፍ ሲቪል በረራን የሚገዛው የቺካጎ ስምምነት አባል አገሮችም የኮሪያ አውሮፕላን በሶቪየት ተመትታ 269 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. በበረራ ላይ ባለ የሲቪል አውሮፕላን ላይ መሣሪያ ከመጠቀም እንዲታቀቡ የሚያዝ አንቀጽ የጨመሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ኖታምም አንድ ነገር ልበል። ሰኔ 2009 ዓ.ም. ማታ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የአንድ ትልቅ አየር መንገድ አብራሪዎች አራት አውሮፕላኖች ተሰልፈው በቆሙበት፣ ወደ ማኮብኮቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሊያርፉ ለጥቂት ተረፉ። አንደኛው ማኮብኮቢያ መዘጋቱን የሚገልጸው ማስታወቂያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ የተጻፈው ግን በ27 ገጽ ሰነድ ውስጥ 8ኛው ገጽ ላይ ነበር። ሙያቸው በረራ የሆነ ሰዎች እንዲህ ካለፋቸው፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚበረውን ሰው «አላነበብህም» ብሎ ፈቃዱን መንጠቅ የአዘጋጁን ጥፋት በአንባቢው ላይ መጫን ነው።

ከፒያሳ፦ አንብቦ የሳተና ከናካቴው ያልከፈተ እኩል አይደሉም። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ሰነዱ በእጃቸው ነበር፤ የሴስናው አብራሪ ግን ለመፈለግ እንኳ አልሞከረም። በተረፈ በማስታወቂያው አጻጻፍ ላይ ያነሡትን እቀበላለሁ።

ከለገሃር፦ ከሕግ አንጻር ጥቂት ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 59 በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ ይህንኑ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ መሆኑን ያስቀምጣል፤ አንቀጽ 80 ደግሞ በፍሬ ነገር መሳሳትን፣ ማለትም ሕጉን ሳይሆን ሁኔታውን በስሕተት መረዳትን፣ ለብቻው ይመለከተዋል። ስለዚህ «ክልሉ መከልከሉን አላውቅም ነበር» የሚል አብራሪና «ያለሁት ከክልሉ ውጭ መስሎኝ ነበር» የሚል አብራሪ በአንድ ዓይን አይታዩም። ፈቃድ መሰረዝ ግን አስተዳደራዊ እርምጃ እንጂ የወንጀል ቅጣት ስላልሆነ፣ ወንድሜ ከአራት ኪሎ የሚፈልጉት ማስፈራሪያ እስር ከሆነ መንገዱ ጠባብ ነው።

ከአራት ኪሎ፦ እስር አላልኩም። ፈቃዱ ይሰረዝ፣ ማንም ቢሆን፣ ለመጀመሪያም ጊዜ ቢሆን፤ ይህን ነው ያልኩት።

ከሜክሲኮ፦ እንዲህ ያለ ደንብ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ድንበሩን ለጥቂት ነክቶ የተመለሰ አብራሪ ማንነቱን ለራዳር የሚያሳውቀውን መሣሪያ (ትራንስፖንደሩን) አጥፍቶ በዝምታ ለመሾለክ ይፈተናል፤ ሬዲዮውን ወደ አደጋ ጊዜው ሞገድ ወደ 121.5 አዙሮ «ጠፍቻለሁ» ማለት ሲገባው ማለት ነው። ያቺው አሜሪካ ከቅጣቱ ጎን ለጎን ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ መንገድ ከፍታለች፦ ሳያስበው ደንብ የጣሰ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ በፈቃዱ ሪፖርት ካቀረበ፣ ጥፋቱ ቢመዘገብበትም ከቅጣቱ ሊድን ይችላል። ሪፖርቱን የሚቀበለው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ናሳ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከዋሽንግተን በ60 የባሕር ማይል ውስጥ በመሣሪያ ሳይሆን በዓይን እይታ እየተመራ የሚበር አብራሪ ስለዚያ ክልል ልዩ ሥልጠና እንዲወስድ ግዴታ ሆኗል።

ከፒያሳ፦ ለእኛ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ በተለይ ተቀባዩና ቀጪው መለየታቸው። አንዱ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ከያዘ አንድም አብራሪ ብዕር አያነሣም። ከለላው ግን ማስታወቂያውን ጨርሶ ሳያይ የተነሣን ሰው መጨመር የለበትም፤ በዚያ ላይ ፈቃዱ ይሰረዝ የሚለው አቋሜ አልተለወጠም።

ከአራት ኪሎ፦ የተቀባዩ መለየት ያስማማኛል። በቤተ መንግሥቱና በግድቡ ላይ ያለፈ ግን ሪፖርት ጻፈም አልጻፈም ከዚህ ከለላ ውጭ ይሁን፤ ከዚህ በታች አልወርድም።

ከሜክሲኮ፦ እንግዲያውስ የእነዚያ ክልሎች ወሰንና ከፍታ በግልጽ ካርታ ታትሞ በእያንዳንዱ የበረራ ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ እኔም ያኔ ከእርስዎ ጋር እፈርማለሁ።