ወጣት የዓይን ሐኪም «ወረፋውን ይጨርስ» ስለተባለው

ሽምብጥ፦ ባሕር ዳር በተካሄደ አንድ የጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «ወጣት የዓይን ሐኪም መጀመሪያ ወረፋውን ይጨርስ፣ ምርምሩ ይደርሳል» ማለታቸውን ሰምቼ አዝኛለሁ። ትራኮማ (ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ እያጠፈ ለዓይነ ስውርነት የሚዳርግ ተላላፊ የዓይን በሽታ) ክፉኛ ከተስፋፋባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ በሆነው ክልላችን ይህ ይባላል? የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ለጀማሪ ሐኪም ተመራማሪዎች በሚሰጠው የሥልጠና ድጋፍ ሠልጣኙ ከሥራ ጊዜው ቢያንስ 75 በመቶውን ለምርምር ሥልጠናው እንዲያውል ይደረጋል።

ዓባይ ማዶ፦ ወንድሜ፣ እዚያ ተተኪ ሐኪም አለ። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ የመጡ እናት «ሐኪሙ ምርምር ላይ ናቸው» ሲባሉ ምን ይበሉ? ኃላፊው እውነት ተናገሩ፤ ወረፋው ይቅደም።

ሽምብጥ፦ ወረፋው የሚያልቅበትን ቀን ይንገሩኝና እኔም ዝም እላለሁ።

የዓይን ሬዚደንት፦ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ሲፍቃቸው የኖሩ ሴት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ፀጉሩ ተመልሶ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ ያው ወረፋ ላይ ዳግም ይሰለፋሉ። በዚሁ በአማራ ክልል 1,000 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለት የቀዶ ዘዴዎችን ያነጻጸረውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በአንደኛው ዘዴ ፀጉሩ የሚመለስባቸው በግልጽ እንደሚያንሱ አሳይቷል። ታዲያ ወረፋ የሚያሳጥረው ማን ነው?

ዓባይ ማዶ፦ የጠቀሱት ጥናት ከለንደን ተመራማሪዎች ጋር የተሠራ ነው። ሥልጠና የምትሉት ለፈረንጅ ናሙና መሰብሰብን ከሆነ ይቅርብን።

ግሽ ዓባይ፦ እዚህ ላይ ዓባይ ማዶን እደግፋለሁ። በአንድ ጥናት የልጆችን የላይኛ የዓይን ቆብ እየገለበጥሁ በጥጥ እያሸሁ፣ ናሙናውን በበረዶ ሣጥን እስከ ከተማ ያደረስሁት እኔ ስሆን ስሜ የወጣው በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ ነው። ይህንንም «ልምድ» ይሉታል።

የዓይን ሬዚደንት፦ ወንድም ግሽ ዓባይ፣ የደረሰብዎት በደል የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ጥያቄውን ራሱ የሚቀርጽ፣ ስታቲስቲክሱን የሚፈትሽ፣ የገንዘብ ማመልከቻውን በስሙ የሚጽፍ ሐኪም ካላሠለጠንን ሣጥን ተሸካሚነቱ ይቀጥላል። ከሬዚደንሲ (ከስፔሻሊስትነት ሥልጠና) በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለምርምር ይከለል ብንል ምን ይጎድላል?

ዓባይ ማዶ፦ በእነዚያ ሁለት ቀናት የቀዶ ተራው በማን ስም እንደሚመዘገብ ይጻፉልኝ፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።

ሽምብጥ፦ በኃላፊው ስም ይመዝገብ፤ ወረፋው ይቅደም ያሉት እሳቸው አይደሉም?