ደሴ ሊያስተምሩ ለሚመጡ ባልና ሚስት ምን እናዘጋጅ?

ቧንቧ ውሃ፦
ሰላም ወገን። ከውጭ የሚመጡ ባልና ሚስት መምህራን መስከረም ላይ ደሴ ሥራ ይጀምራሉ። አማርኛ አይችሉም። ቤቱን በምን እናሟላላቸው? ቅዳሜና እሑድስ ወዴት ይውጡ?

የቦርከና ልጅ፦
ከሁሉ በፊት ውሃ። ክዳን ያለው በርሜልና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግዙ፤ የሚጠጣው ተፈልቶ ለብቻው ይቀመጥ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሽምብራና ቦሎቄ በለመዱት ሰዓት አይበስልላቸውም፤ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት በፕሬዠር ኩከር መቀቀል ነው። ሰዓቱን ደግሞ አደራ! «ክፍል 2 ሰዓት ይገባል» ሲባሉ ከቀትር በኋላ እንዳይመጡ፣ ፕሮግራሙን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላቸው። ብርድ ልብስ ይደረብ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይቻልም።

ሐይቅ ዳር፦
ሐይቅ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመናኸሪያ በሚኒባስ በጠዋት ይውጡ። እስጢፋኖስ ግን የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እዚያ ደርሳ መመለሷ ያሳዝናል። አብረው ለመዋል የሐይቁ ዳርና የቆሮሶ ዓሣ ጥብሱ ይበልጣል። ባቲን ሰኞ ለሚውል በዓል ያቆዩት፣ ገበያው ሰኞ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኮምቦልቻስ?

የቦርከና ልጅ፦
25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፣ ሙቀት ሲያምራቸው ደህና ነው። የሐረጎ ጠመዝማዛ ስለሚያቅለሸልሽ ከፊት ወንበር ይያዙ፤ ሳይመሽም ይመለሱ፣ ጃኬታቸውን ይዘው።