ለቪትዝ ጎማ ስንት ንፋስ ልሙላ? ጎሚስታ ሁሉ የተለያየ ይለኛል

ባለ ቪትዟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቪትዝ ከገዛሁ 8 ወሬ ነው። ንፋስ ላስሞላ ስሄድ አንዱ ጎሚስታ 30 ይበቃሻል ይላል፣ ሌላው ሳይጠይቀኝ 42 ሞላልኝ፣ «በዛ ቢል ነው የሚሻልሽ፣ ቤንዚን ይቆጥብልሻል» ብሎ። የጎማው ጎን ላይም ማክስ 44 ስለሚል ልክ መሰለኝ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮብልስቶን ላይ መኪናዋ ትነጥራለች፣ በዝናብ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ትንሸራተትብኛለች። ቅዳሜ አምስት ሆነን ከነሻንጣችን ድሬዳዋ ልንወርድ ነው። ቆላ ስለሆነ ንፋስ ቀንሺ የሚሉኝም አሉ። የቱን ልስማ? ልጆች ስለምይዝ ጨንቆኛል።

ጎማ ቤት፦
እህቴ፣ ይሄ የ15 ዓመት ሥራዬ ነው። 44 የጎማው ጣሪያ ነው፤ ከዚህ አትለፉ ማለት እንጂ ይህን ሙሉ ማለት አይደለም። ጎማ ሠሪው ጎማው የትኛው መኪና ላይ እንደሚገባ አያውቅም፤ ልኩን የሚያውቀው መኪናውን የሠራው ነው። የሹፌሩን በር ክፈቺና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን እዪ። ከጃፓን የመጣች ከሆነች ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፣ ቁጥሩ ግን በኪሎፓስካል ስለሆነ ይነበባል። ጎሚስታዎቹ 30፣ 42 የሚሉሽ በፒኤስአይ ነው፤ 100 ኪሎፓስካል 14.5 ፒኤስአይ ነው፣ ስለዚህ 230 ካለ 33 ገደማ። የተገጠመልሽ ጎማ ቁጥር እዚያ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑንም አረጋግጪ፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው ገበያ ላይ ያገኘውን ነው የሚገጥመው።

42 ሲሆን መንገድ የሚነካው በአብዛኛው የጎማው መሃል ነው። ፍሬኑ የሚንሸራተትብሽ ለዚህ ነው፣ መሃሉም ቶሎ ልሙጥ ይሆናል። ሲያንስ ደግሞ ሁለቱ ዳር ያልቃል። የብዙ ጎማ ቤት መለኪያ ደግሞ ስንቴ ወድቆ የተዛባ ነው፤ የራስሽን ትንሽ መለኪያ ግዢና ኪስሽ አድርጊ።

የጅቡቲ መስመር፦
ቆላ ነው ቀንሺ የሚሉሽን በፍጹም አትስሚ። በሙቀት መንገድ ላይ ጎማ የሚያፈነዳው በአብዛኛው የንፋስ ማነስ ነው። ጎኑ እየተጣጠፈ ይሄዳል፣ በመጣጠፉ ይግላል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ጭነት ሲጨመርበት ይብሳል። ሚኤሶ አካባቢ ስንቱን ትንሽ መኪና ከኋላው ተኝቶ ሲሄድ እያየሁ ጥሩንባ ነፍቼ አስቁሜአለሁ።

መለካት ያለብሽ ጠዋት፣ ሳትነጂ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። አዋሽ ደርሰሽ ብትለኪው 36፣ 37፣ ከዚያም በላይ ሊል ይችላል። አትደንግጪ፣ እንዳታስተነፍሺውም። ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ይሆንብሻል።

የፊዚክስ መምህር፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ምክንያቱን ልጨምር። መለኪያው የሚያሳየው የጎማው ውስጥ ግፊት ከውጭው አየር በስንት እንደሚበልጥ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አዋሽ ሰባት ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ። ስትወርጂ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ሙቀቱ በበኩሉ በየ6 ዲግሪው 1 ገደማ ይጨምራል። ጠዋት እዚህ 12 ዲግሪ ሆኖ እዚያ 34 ቢሆን ከ3 በላይ ጨመረ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣፉ የሚተርፈው 1 ወይም 2 ነው፣ ለዚህ ብሎ ንፋስ መቀነስ አያስፈልግም። ድሬ ካደርሽ በኋላ በማለዳ እንደገና ለኪ። አዲስ አበባ ስትመለሺም እንዲሁ።

ባለ ቪትዟ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! በሩን ከፍቼ አየሁት፣ 230 ይላል። ጎማውም አንድ ነው። መለኪያ ገዝቼ ዛሬ ጠዋት ስለካው የፊቶቹ 41፣ የኋላ ግራው ግን 27! ያንን ይዤ ልወርድ ነበር። ሁሉንም 33 አድርጌያለሁ። ስኮርት ጎማውንስ (መጠባበቂያውን) ስንት ልበል?

ጎማ ቤት፦
የኋላ ግራው ቀስ እያለ የሚያስተነፍስ ነገር አለው፣ ሚስማር ወይም ቫልቩ ሊሆን ስለሚችል ሳትሄጂ አስፈትሺው። ስኮርቱ እንደ ሌሎቹ ዓይነት ሙሉ ጎማ ከሆነ 35 አድርጊው፣ ተቀምጦ ስለሚቀንስ። ቀጭኑ ከሆነ ግን ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሙዪ፣ ብዙ ጊዜ 60 ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

ባለ ቪትዟ፦
3211 ይላል። የ2011 ነው ማለት ነው? ጥርሱ እኮ ምንም አልተነካም።

ጎማ ቤት፦
አዎ፣ የ2011። ጥርሱን አትዪ፣ ላስቲኩ ደርቋል። ልጆች ይዘሽ በእሱ አትሂጂ።

ባለ ቪትዟ፦
እሺ፣ ከሰዓት አስቀይረዋለሁ። የኋላ ግራውንም አብሬ አስፈትሻለሁ።