በታቀደ የመቃብር ስፍራ አጠገብ ያለ ቤት ሲሸጥ ሻጭ የመናገር ግዴታ አለበትን?

የመነሻ ጥያቄ፦ ውድ አባላት፣ ለውይይት የማቀርበው ጉዳይ የሚከተለው ነው። አንድ ባለቤት ከአጥሩ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ለመቃብር ስፍራ መታጨቱን ይሰማል። ዕቅዱ ገና አልጸደቀም፤ በቦታው ላይም ከሣር በቀር የሚታይ ነገር የለም። ገዢው መጥቶ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ ይጠይቃል፤ በጓሮው መስኮት በኩል ሜዳውን እያየ ግን ምንም ሳይጠይቅ ያልፋል። ሻጩ ዝም ቢል ጥፋተኛ ነውን? ሕግስ እንዲናገር ሊያስገድደው ይገባልን?

ቤት በማሻሻጥ ሥራ ላይ ያሉ አባል፦ ግዴታ መጣሉን አልደግፍም። ዕቅድ ገና ያልሆነ ነገር ነው፤ ሊቀየር፣ ሊዘገይ ወይም ፋይል ውስጥ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ሻጩ ላልተፈጸመ ነገር ዛሬ ዋጋ እንዲቀንስ ከተገደደ በኋላ ዕቅዱ ቢሰረዝ፣ ያጣውን ገንዘብ ማን ይመልስለታል? የመሬት አጠቃቀም ፕላንም የሚገኘው በመሥሪያ ቤት እንጂ በሻጩ ጓዳ አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያወጣ ሰው ሄዶ ማጣራት የራሱ ኃላፊነት ነው። በዚያ ላይ መቃብርን ሁሉም ሰው እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ ፎቅ የማይሠራበትንና ጫጫታ የማይሰማበትን ጉርብትና የሚመርጡ ገዢዎች ገጥመውኛል።

የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባል፦ እርስዎ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ አድርገዋቸዋል። ሀቁን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ሀቁ ዋጋውን ምን ያህል ይቀንሰዋል ብሎ መገመት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልዩነት በግልጽ አስቀምጦታል፤ ለሌላው ወገን ፈቃድ ወሳኝ የሆነ መረጃ የያዘ ተዋዋይ፣ ሌላው ወገን ባለማወቁ ሊነቀፍ የማይችል ከሆነ ወይም እርሱን አምኖ የሚዋዋል ከሆነ መረጃውን የመግለጽ ግዴታ ይጥልበታል፤ ግዴታው ግን የዋጋ ግምትን አይጨምርም። ስለዚህ ሻጩ ቤቱ ረክሷል እንዲል ማንም አልጠየቀውም፤ የተጠየቀው ያወቀውን እንዲያሳውቅ ብቻ ነው።

«ገዢ ይጠንቀቅ» የሚለው መርህ ሥር በሰደደበት በኒው ዮርክ እንኳን ፍርድ ቤት ገደብ አበጅቶለታል። ሻጯ ራሷ መንፈስ አለበት ብላ ያስወራችለትን ቤት ይህን ሳያውቅ የተዋዋለ ገዢ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የይግባኝ ችሎቱ ውሉን እንዲያፈርስ ፈቅዶለታል፤ ምክንያቱም ነገሩ በተለመደ የቤት ምርመራ የሚደረስበት አልነበረም። የፕላን ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከዚህ ይለያል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል፤ ክብደት ያለው መከራከሪያም ነው። ሆኖም እኔ ባየሁት አንድ ፕላን ላይ የመቃብሩ ቦታ የተመለከተው በቀለምና በኮድ ቁጥር ብቻ ሲሆን የኮዱ መግለጫ የነበረው በሌላ ገጽ ላይ ነው። ከሩቅ የመጣ ገዢ ይህን አንብቦ ይረዳል ማለት ይከብደኛል።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ዕቅዱን ሰምቶ ቤቱን ለመሸጥ የተጣደፈ ሰው ዕቅዱን ከምር ወስዶታል። እርሱን ለውሳኔ ያበቃው መረጃ ለገዢው ሲሆን «ገና ያልሆነ ነገር» ሊሆን አይችልም።

የውሃ መሐንዲስ የሆኑ አባል፦ ክርክሩ በስሜትና በዋጋ ላይ ብቻ እንዳይወሰን አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጽሑፍ፣ ቀብር የመጠጥ ውሃ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ወይም ምንጭ ከ250 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ እንዳይፈጸም፣ የመቃብሩ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃው ደረጃ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ እንዲል መክሯል። ቦታው በአግባቡ ከተመረጠ ስጋቱ አነስተኛ ነው። የሚሸጠው ቤት ግቢ ውስጥ ግን የውሃ ጉድጓድ ካለ፣ ዝምታው የዋጋ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና ገዢው ልጆቹን ምን እንደሚያጠጣ የሚወስን ጉዳይ ይሆናል። በፓሪስ መሐል የነበረው ትልቁ የመቃብር ስፍራ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1780፣ የመቃብሩ ክብደት የአጎራባች ቤት የምድር ቤት ግድግዳ ካፈረሰ በኋላ እንደነበረም ማስታወስ ይገባል።

ቤት በማሻሻጥ ሥራ ላይ ያሉ አባል፦ ስለ ጉድጓዱ የተባለውን እቀበላለሁ፤ እዚያ ላይ መናገር ግድ ነው። ዋናው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። መቃብሩን ያቀደው ሻጩ አይደለም፤ ታዲያ ኪሳራው ለምን በእርሱ ጫንቃ ላይ ብቻ ይወድቃል?

የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባል፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መቅረብ ያለበት ለአቃጁ አካል ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1855 ባወጣችው የቀብር ሕግ፣ አዲስ የመቃብር ስፍራ ያለ ባለቤቱና ያለ ነዋሪው የጽሑፍ ፈቃድ ከመኖሪያ ቤት በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ እንዳይከፈት ከልክላለች። የዚህ ሕግ ጥቅም ጎረቤቱን መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት ማነጋገሩ ነው። በሁሉም አገር እንዲህ ያለ ድንጋጌ ባይኖርም፣ ሻጩ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ተቃውሞውንና የካሳ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ዝም ብሎ ሲሸጥ ግን ያልተነገረው ገዢ የሚነቃው የመቃወሚያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሚሆን፣ ለዚያ ቤት የሚከራከርለት ሰው ይጠፋል።

ዕቅዱ ቢሰረዝ ገንዘቡን ማን ይመልሳል ላሉትም በውሉ መፍትሔ ማበጀት ይቻላል። ሻጭ ዕቅዱን ለገዢ ማሳወቁ በአንድ አንቀጽ ይሰፍራል፤ ከዋጋውም አስቀድሞ የተስማሙበት መጠን ውሳኔው እስኪታወቅ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆያል። ዕቅዱ ከተሰረዘ ሻጩ ይወስደዋል፤ ከጸደቀ ለገዢው ይመለሳል። ውሳኔው ቢዘገይ እንዳያጨቃጭቃቸው የመጨረሻ ቀን መቁረጥም አለባቸው።