ምጣዱና ኤሲው አብረው አልሠራ አሉ፤ ለጁላይ 4 እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰቤን በአርቪ (እንደ ቤት በሚኖሩበት መኪና) ይዤ ቨርጂኒያ፣ ሼናንዶዋ ተራራ አጠገብ ካምፕ ላይ ነን። አሜሪካ 250 ዓመት የምትሞላበት ጁላይ 4 ከነገ ወዲያ ነው። ለእናቴ ደግሞ ዜግነት ካገኘች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ባንዲራውን ራሷ ናት የገዛችው። በዓሉ እንዲያምርላት በጣም እፈልጋለሁ።

ችግሬ መብራቱ ነው። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ በርገሩ አይሆናትም። ትኩስ እንጀራ በሽሮ ልታበላን ሊጥ ይዛ መጥታለች። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ስሰካው ግን ብሬከሩ ይወርድብኛል። መስመሩ 30 አምፒር ነው፤ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው። ምጣዱ ብቻውን 1,500 ዋት ይላል። ኤሲው ሲነሳ ብዙ ይስባል፣ ውሃ ማሞቂያውም አለ። ኤሲውን እንዳላጠፋው እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ሙቀቱን አትችለውም።

ምጣዱን ውጭ ካምፑ ምሰሶ ላይ ካለው 20 አምፒር ሶኬት ለብቻው ብሰካው ይሻላል? ምን ያህል ወፍራም ኤክስቴንሽን ልግዛ? በጋዝ ምድጃ ጋግሮ የተሳካለትስ አለ?

ርችቱን ትተነዋል፣ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። ባንዲራውንስ ነፋስ እንዳይቀደው አርቪው ላይ የት ትሰቅሉታላችሁ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ሊጡ ነገ ማታ ይደርሳል።